ዘይት ቀብቼው አደረ፣ ጠዋት ዝጎ አገኘሁት

ከደምበጫ አካባቢ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምና ከጎረቤታችን አንድ አሮጌ በልጅግ ጠመንጃ በርካሽ ገዛሁ። ፈቃዱም በስሜ ዞሯል። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ኢላማ እንተኩሳለን። የሚያስደስተኝ ነገር ይሄው ነው። ግን ሦስት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ ተኩሼ እንደተመለስኩ ውስጡን በኑግ ዘይት እወለውለዋለሁ። በማግሥቱ ጨርቅ ሳስገባበት ግን ቀይ ዝገት ይዞ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ከተኮስኩ በኋላ ቃታው፣ ያ ጥይት ማጉረሻው ተንሸራታች ብረት፣ አልከፈትም ይላል፤ በመዳፌ ካልመታሁት አይነሳም። ሦስተኛ፣ በመቶ እርምጃ ካነጣጠርኩበት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይመታል። ጓደኛዬ የፊቱን ማነጣጠሪያ በሞረድ ዝቅ እናድርገው ይላል። በርሜሉ ሞቷል ማለት ነው? ልሽጠው ይሆን?»

ወንድሜ፣ አትሽጠው። ግን ሁለተኛው ችግርህ እስኪጣራ ድረስ አንድም ጥይት አትተኩስበት። ለምን እንደሆነ ከታች እነግርሃለሁ። ሞረዱንም ጓደኛህ ወደ መጣበት ይመልሰው።

በዝገቱ ልጀምር፤ ብዙ ጠመንጃ የሚሞተው በእሱ ነው።

እኔም ወጣት ሆኜ በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ስቀጠር እንዳንተ ነበርኩ። ከተኩስ ልምምድ የተመለሱ ጠመንጃዎች ተሰጡኝ። በላምባ አጠብኳቸው፣ ዘይት ቀባኋቸው፣ ደርድሬ ተኛሁ። ጠዋት አለቃዬ አንዱን አንስቶ በበርሜሉ ወደ ብርሃን ተመለከተና ዝም ብሎ ሰጠኝ። ውስጡ ቀይ አፈር መስሏል። ሰነፍክ አላለኝም። ውኃ አፍላ አለኝ። ዘይት በተቀባ ብረት ላይ ውኃ? ግራ ገባኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በእኔ እጅ አንድም በርሜል በዝገት አልሞተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀለሁ ቂጥ መሃል ያለችው ትንሿ ካፕሱል፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትሰጠው በውስጧ ባለ ኬሚካል ነው። በድሮ የጦር ጥይቶች ይህ ኬሚካል ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል። ይሄ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። በአንድ ተኩስ እንደ ብናኝ ሆኖ በርሜሉን በሙሉ ይለብሰዋል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። በክረምት እቤታችን ያለው ጨው እንዴት እንደሚያለቅስ ታውቃለህ። ያው ነገር በርሜልህ ውስጥ ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል።

ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ላምባም አያሟሟም። ዘይቱን ስትቀባ ጨውን ከላይ ሸፈንከው እንጂ አላወጣኸውም። ጨው የሚያሟሟው ውኃ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሜሪካ ይህን ዓይነት ካፕሱል በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አካባቢ ትታዋለች። የምሥራቁ ጎራ አገሮች ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሠርተውበታል። ስለዚህ በእጅህ ያለውን አሮጌ ጥይት ሁሉ ጨዋማ ነው ብለህ ቁጠር። ጥይቱ አዲስ ሆኖ በርሜሉን ብታጥበው የሚጎዳህ ነገር የለም።

አጠባው ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ቃታውን ክፈት። በግራ በኩል ያለችውን ማቆሚያ ወደ ውጭ ሳብ ስታደርጋት ቃታው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ይወጣል። እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልል። አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ ሳፋ ላይ አቁመው። አንድ ሊትር ያህል ውኃ አፍላና ከኋላ፣ ጥይቱ ከሚገባበት በኩል፣ ቀስ አድርገህ አፍስስ። አሮጌ ጀበና ለዚህ ጥሩ ነው፤ አፉ ቀጭን ስለሆነ ውኃውን ወደ እንጨቱ አይረጭም። ብረቱ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ይሞቃል፤ በጨርቅ ያዘው። ሙቀቱ ይጠቅምሃል፤ የቀረችውን እርጥበት ራሱ ያደርቃታል። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በመወልወያው ደጋግመህ አሳልፍ፤ ደርቆ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። የቃታውን ፊትም በሙቅ ውኃ ጥረግ። መርፌው የሚወጣባት ቀዳዳ ዙሪያ ጨው ይቀራል፤ ሰው ሁሉ ግን ይረሳታል። ዘይት የሚቀባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በማግሥቱ አንድ ጨርቅ አሳልፈህ እይ። ቀይ ካለው ድገመው።

ይህን በተኮስክበት ቀን አድርገው። «ነገ አጥበዋለሁ» ብለህ አትደር፤ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ።

አሁን ወደ ዘይቱ። ኑግ ጎጃም የሚኮራበት እህል ነው፤ ለወጥ ነፍስ ነው። ለጠመንጃ ግን አይሆንም። የኑግ ዘይት አየር ሲነካው ይወፍራል፣ ይጣበቃል። የዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ ወይም ምጣድ ጠርዝ ላይ እንደ ሙጫ የሚይዘውን አይተኸዋል። ቃታህ ውስጥ፣ በመርፌው ምንጭ ዙሪያ የሆነው እሱ ነው። ቅቤም የባሰ ነው፤ ውኃ አለበት። ለብረት ቀጭን የማሽን ዘይት ተጠቀም፤ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ከየትኛውም ከተማ ይገኛል። እስካሁን የተጋገረውን ኑግ ለማስለቀቅ ደግሞ ላምባ ጥሩ ነው። ቃታውን ላምባ ውስጥ አሳድረህ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው።

በርሜልህ ሞቷል ወይ ላልከው፣ ካጠብከው በኋላ ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት። ጠመዝማዛ መስመሮቹ ጠርዛቸው ከታየ፣ መካከላቸው ጥቁር ነጠብጣብ ቢኖርም ተስፋ አትቁረጥ። እንዲህ ያሉ በርሜሎች ደህና አድርገው ሲመቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከሁሉ በላይ አፈሙዙ ላይ ያለው የመጨረሻው ጣት ያህል ቦታ ንጹሕ ይሁን።

ሁለተኛው ጥያቄህ ያሳስበኛል። ቃታ በመዳፍ መመታት የለበትም። ምክንያቱ የተጋገረው ዘይት ሊሆን ይችላል። ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል ዝጎ ቀለሁን ነክሶትም ሊሆን ይችላል። እነዚህ ቀላል ናቸው። ሦስተኛው ግን ፊትህን የሚያሳጣህ ነው፤ ቃታውና በርሜሉ አይገጣጠሙ ይሆናል። ወይም ጥይቱ የዚያ ጠመንጃ አይደለም።

በልጅግ ስሙን ያገኘው ከአገሩ ነው። ቤልጅግ ውስጥ ሊዬዥ አጠገብ ኤርስታል የሚባል ቦታ ያለው ፋብሪካ የጀርመኑን የማውዘር ንድፍ ይዞ የሠራው ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መንግሥት ገዝቶታል። ጥይቱ 7.92 በ57 ነው፤ ማለትም ቀለሁ 57 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ቀለህህን በማስመሪያ ለካው። 51 ሚሊ ሜትር ሆኖ ካገኘኸው የሌላ መሣሪያ ጥይት ነው። የሚያሳዝነው ይህ አጭሩ ጥይት በልጅግ ውስጥ ሊገባና ሊፈነዳ ይችላል። ቀለሁ ያለ ድጋፍ ስለሚቀር ይቀደዳል፤ ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓይንህ ይመጣል። ግፊቱ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው በሺህ እጥፍ ይበልጣል። የብሬኑ መትረየስ ጥይት ደግሞ ቂጡ ላይ ከንፈር ስላለው በቀላሉ ትለየዋለህ። እሱንም በጉልበት የሚሞክር ሰው አላጣሁም። አትሞክር።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን አስተያይ። በርሜሉ ሥር ባለው ብረት ላይ የተቀረጸው ቁጥርና በቃታው ላይ ያለው አንድ ናቸው? በየመጋዘኑ ጠመንጃዎች ተፈትተው ሲታጠቡ ቃታዎች ይቀያየሩ ነበር። ቁጥሩ ተለያየ ማለት የግድ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ መመርመር አለበት ማለት ነው። ቃታው በጣም ወደ ኋላ ሰፍቶ ከገጠመ ቀለሁ በየተኩሱ ይለጠጣል። ሲለጠጥ ከቂጡ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይሳሳል፤ አንድ ቀን እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ይህን ቤትህ ውስጥ ማየት ትችላለህ። የተኮስካቸውን ቀለሆች ሰብስብ። አንደኛ፣ ከውጭ ቂጡ አጠገብ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት አለ? ሁለተኛ፣ ቀጭን ጠንካራ ሽቦ ወስደህ ጫፉን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እንደ መንጠቆ እጠፈው። በቀለሁ አፍ አስገብተህ ከሥር ወደ ላይ ግድግዳውን እየዳሰስክ ሳበው። ሽቦው ቦይ ውስጥ እንደገባ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነክ ካለ፣ ቀለሁ እየተለጠጠ ነው። ካፕሱሏ ከቦታዋ ወደ ኋላ ወጥታ ወይም ተጨፍልቃ ካየሃትም እንደዚያው ነው። ከእነዚህ አንዱን ካገኘህ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ስቀለውና የመለኪያ ብረት ያለው የመሣሪያ ባለሙያ ጋ ውሰደው። መለኪያው ሁለት ነው፤ በአንዱ ላይ ቃታው መዘጋት አለበት፣ በሌላው ላይ መዘጋት የለበትም። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቀለሆቹ ንጹሕ ከሆኑ፣ ጥይት የሚቀመጥበትን ክፍል በጣትህ ውፍረት በተጠቀለለ ጨርቅና በላምባ አጽዳው። ከዚያ የመጀመሪያዋን ጥይት ትከሻህ ላይ አድርገህ አትተኩስ። ጠመንጃውን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጋር አጥብቀህ እሰር፣ ምላጩን በአሥር ሜትር ገመድ ከግንብ ወይም ከትልቅ ዛፍ ጀርባ ሆነህ ሳብ። ቀለሁን አውጥተህ እንደገና መርምር። ቃታው በእጅ ብቻ ከተከፈተ እሰየው።

ሦስተኛው ችግርህ ችግር አይደለም። እነዚህ ጠመንጃዎች ለጦር የተሠሩ ናቸው። የብዙዎቹ ማነጣጠሪያ ዝቅተኛው ቁጥር 200 ወይም 300 ሜትር ነው። በመቶ እርምጃ ከፍ ብሎ መምታት ተፈጥሮው ነው። ጓደኛህ የፊቱን ማነጣጠሪያ ቢሞርደው ደግሞ ጥይቱ ይብሱን ከፍ ይላል! የፊቱ ባጠረ ቁጥር ለማስተካከል አፈሙዙን ወደ ላይ ታነሳለህ፤ አስበው። በልጅግህን ባለበት ተወው፣ ከኢላማው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገህ አነጣጥር። ድሮ አልሞ ተኳሽ የተባሉት ሰዎች ጠመንጃቸውን አልሞረዱም፤ አመሉን አጠኑት።

ሌሎች አንባቢዎችም ስለ ግዢ ይጠይቁኛል፤ ባጭሩ ልመልስ። አሮጌ ጠመንጃ ርካሽ ነው፣ ጥይቱ ግን አይደለም። ውጅግራ የፈረንሳይ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ነው፤ 11 ሚሊ፣ አንድ ጎራሽ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ። ለበንም ከዚያው አገር የ1886 ነው፤ 8 ሚሊ። የሁለቱንም ጥይት ዛሬ ማግኘት ዘበት ነው፤ ለመታሰቢያ ይቀመጡ። ብዙ ሰው ምንሽር የሚለው የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5 ሚሊ ነው። አርበኞቻችን ከጣሊያን እየማረኩ የተዋጉበት ስለሆነ ጎጃም ውስጥ ብዙ ቤት አለ። እሱ ስድስት ጥይት የሚይዝ የብረት ማቀፊያ ካልገባለት እያንዳንዱን በእጅ ማጉረስ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ ካርካኖዎች አሜሪካ ተወስደው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። እዚያ ያሉ ገዢዎች ስለ ዝገቱ የሚጠይቁት አንተ የጠየቅኸውን ነው።

ፈቃዱ በስምህ መዞሩን መንገርህ አስደስቶኛል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። የማይሸሸግ ነገር ደግሞ ጊዜው ነው። ተኩስ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚሮጡበት ጊዜ ላይ ነን። ለፖሊስና ለቀበሌ ሳታሳውቅ፣ በዙሪያው ላሉት ቤቶች ሁሉ ሳትነግር አትተኩስ። አይሆንም ከተባልክ እሺ በል፤ ጠመንጃው ሰማንያ ዓመት ቆይቷል፣ ጥቂት ወራት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

ስትተኩስም ከኢላማው ኋላ የአፈር ጉብታ ይኑር፤ ድንጋይ ጥይት ይመልሳል። የበልጅግ ጥይት ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ከአገዳው ጀርባ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አለ። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስን በእግዚአብሔር ስም ተው። የወጣችው ትመለሳለች። ጆሮህንም ሸፍን፤ እኔ ሳልሸፍን ተኩሼ ዛሬ የልጅ ልጄን ድምፅ ደህና አድርጌ አልሰማም።

ለማስቀመጥ ምድጃ በላይ አትስቀለው፤ ጭሱ እርጥበትና አሲድ አለው። በቆዳ ማኅደር ውስጥም ከርሞ እንዲያድር አታድርግ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ነፋስ የሚያገኘው ደረቅ ቦታ ላይ፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ ቃታውን ለብቻው ቆልፈህ አኑረው።

ሰደፉ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ እዚህ ላይ የእህል ዘይት ይሠራል። የተልባ ዘይት ውሰድ። አየር ሲያገኘው የሚጠነክር ስለሆነ ለብረት መጥፎ ነው፣ ለእንጨት ግን የሚፈለገው ይሄ ነው። በጣትህ በስሱ እየቀባህ እጅህ እስኪሞቅ እሸው፣ የተረፈውን ጥረግና ሦስት ቀን ጥላ ላይ ይድረቅ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው። ዘይቱን የጠረግህበትን ጨርቅ ግን ጨብጠህ ጥግ ላይ አትጣለው፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው። የቀለሆቹንም ፎቶ ላክልኝ፤ ቂጣቸው ከቅርብ ሆኖ ይታይ።