መልስ፦ ዴልፍ ኤ1 ልፈተን ወይስ ኤ2?

እህቴ፣ ጅቡቲ እየተመላለስሽ ዕቃ ለማምጣት የሚበቃ ፈረንሳይኛ እንዳለሽ ለማወቅ ከዴልፍ (የፈረንሳይኛ ችሎታ ዲፕሎማ ፈተና) የመጀመሪያው ደረጃ ኤ1 ይሻላል ወይስ ቀጣዩ ኤ2 ብለሻል። እኔ ኤ2 እልሻለሁ። ኤ1 ራስን ማስተዋወቅና ቀላል ጥያቄ መመለስ ላይ ያተኩራል። ኤ2 ላይ ግን ቀጠሮ ትይዣለሽ፣ ትላንት የሆነውን ትተርኪያለሽ፣ ዕቃ ትገዣለሽ። ለአንቺ የሚሆነው ይኸው ነው።

ፈተናው ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው፤ እያንዳንዱ ከ25 ይታረማል። በድምሩ 50 ካመጣሽ አለፍሽ። ግን በአንዱ እንኳ ከ5 በታች ካገኘሽ ወደቅሽ፤ ስለዚህ አንዱንም አትተዪ።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ንግግሩ ላይ ነው። 10 ደቂቃ መዘጋጃ ይሰጥሻል፣ ከዚያ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ታወሪያለሽ። መጨረሻ ላይ ከፈታኙ ጋር እንደ ሻጭና ገዢ ልትነጋገሪ ትችያለሽ። እዚህ ድሬ ፈረንሳይኛ የሚችሉ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባት ካወቅሽ ሂጂና ቡና እየጠጣችሁ በፈረንሳይኛ ዋጋ ተከራከሪያቸው። ከመጽሐፍ የማይገኝ ልምምድ ነው! (ለገሃር የምንለው ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያ) የመጣ ነው።)

ዲፕሎማው ጊዜ አያልፍበትም። ቴሴኤፍ የሚባለው ሌላ የፈረንሳይኛ ፈተና ውጤት ግን የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው። የምዝገባውን ቀን አሊያንስ (የፈረንሳይኛ ማስተማሪያው ማዕከል) ሄደሽ በጊዜ ጠይቂ።