መልስ፦ ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ኮክቴል

ለጀማሪ የሚሆን ኮክቴል የቱ ነው ላልከው፣ ባር ላይ እሠራ ስለነበር ምርጫዬን ልንገርህ፦ ዳይኪሪ። 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ረም (ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አልኮል)፣ 30 የአረንጓዴ ሎሚ ጭማቂ፣ 20 የስኳር ሽሮፕ። ሽሮፑ ስኳርና ውሃ እኩል ለእኩል ነው። ሎሚውን እዚያው ጭመቀው፤ የታሸገው ጭማቂ ጣዕሙን ይገድለዋል። ሁሉንም ሼከር (ክዳን ያለው የመጠጥ መናጫ) ውስጥ ጨምር፣ በረዶ ሙላና ውጪው ጤዛ እስኪይዝ፣ እጅህን እስኪያቀዘቅዘው ድረስ በደንብ ናጠው። ከዚያ አጥልለህ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ቅዳ። በረዶ ላይ ደግሞ እንዳትሰስት! ሲያንስ ቶሎ ይቀልጥና መጠጡ ውሃ ውሃ ይላል።

መራራ ከወደድክ ኔግሮኒ አለልህ፦ ጂን፣ ካምፓሪ (መራራ ቀይ የጣሊያን መጠጥ) እና ቀይ ቬርሙት (በቅመማ ቅመም የተዘጋጀ ወይን ጠጅ)፣ እያንዳንዳቸው 30 ሚሊ ሊትር። ይሄ አይናጥም፤ ከበረዶ ጋር በማንኪያ ይማሰላል። የብርቱካን ልጣጭ ጠምዘዝ አድርገህ ጣል አድርግበት። ቬርሙቱ ከወይን ጠጅ የሚሠራ ስለሆነ ከተከፈተ በኋላ ቦታው ፍሪጅ ነው።