የእናቴ ወርቅ ይሸጥ?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። 26 ዓመቴ ነው። ሐረማያ በኬሚስትሪ ተመርቄ አሁን ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር አሜሪካ ካለ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ የመግቢያ ደብዳቤ ደረሰኝ። እልል ብለን ሳንጨርስ ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩ። የአንድ ዓመት ወጪው የብዙ ዓመት ደመወዜን ብደምረው አይሞላም።

ማታ እናቴ ከሣጥኗ ግርጌ በመሐረብ የቋጠረችውን ወርቅ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ምንም አላለችም። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ «ክፈዪኝ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አስገኝልሻለሁ» ይለኛል። ወርቁ ይሸጥ? ወይስ ዕድሌን ልተወው?

መምህርቷ፣ ከድሬ

*

የኔ እህት፣ ወርቁ ወደ ሣጥኑ ይመለስ። ዛሬውኑ።

ደብዳቤው «ተቀብለንሻል» ነው ያለሽ። «ወጪሽን እንችላለን» አላለም። እዚያ ማስተርስ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ነው የሚከፍለው። በሳይንስ ፒኤችዲ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዲፓርትመንቱ አሲስታንትሺፕ ይሰጣል። ወይ ጀማሪ ተማሪዎችን ላብራቶሪ ታሠሪያለሽ፣ ፈተና ታርሚያለሽ፤ ወይ በአንድ ፕሮፌሰር ምርምር ላይ ትሠሪያለሽ። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። በዚህ ፈንታ የትምህርት ክፍያው ይነሳልሻል፣ ለኑሮ የሚሆን ደመወዝም አለው። ቤት ተጋርተሽ ቆጥበሽ ትኖሪበታለሽ እንጂ አትከብሪበትም።

እኛ ጋ ፒኤችዲ ያለ ማስተርስ አይታሰብም። እዚያ ግን ብዙ የኬሚስትሪ ዲፓርትመንቶች በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይቀበላሉ። ይህን ባለማወቅ ስንት ጎበዝ ልጅ ቀረ! አንቺ ደግሞ ክፍል ቆሞ ማስተማር ለምደሻል፤ እነሱ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን፣ ቶፍልን፣ ስትፈተኚ የንግግሩን ክፍል በደንብ ተዘጋጂበት። ለማስተማሩ ሥራ የሚያዩት እሱን ነው።

አሁን ለተቀበለሽ ዲፓርትመንት ጻፊ። አሲስታንትሺፕ እንዳላቸው፣ ከሌላቸውም መግቢያውን ለዓመት ያቆዩልሽ እንደሆነ ጠይቂ። እምቢ ካሉ አትዘኚ። የፒኤችዲ ማመልከቻ በአብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ይዘጋል፤ ለሚቀጥለው ትደርሻለሽ። የማመልከቻውን ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት እንዲያነሱልሽ ለምኚ፤ የሚያነሱ አሉ። ለፕሮፌሰሮች ስትጽፊ አንድ ደብዳቤ ለሃምሳ ሰው አትበትኚ። የሰውየውን አንድ ጽሑፍ አንብቢ፣ የትኛው ሐሳብ እንደሳበሽና ምን መሥራት እንደምትፈልጊ በአጭሩ ንገሪው።

ከማመልከቻው ጋር መምህርሽ ስለ አንቺ የሚጽፈውን የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ በቴሌግራም አትጠይቂ። አንድ ቅዳሜ ደንገጎን ወጥተሽ ሐረማያ ሂጂ፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ካማከረሽ መምህር ጋር ቀድመሽ ቀጠሮ ያዢ። ትራንስክሪፕትሽንም የመመረቂያ ጽሑፍሽንም ይዘሽ ፊት ለፊት ተቀመጪ። ስምሽን ረስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሥራሽን ሲያይ ያስታውሳል።

ቪዛውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለቪዛ የሚያስፈልግሽን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ዩኒቨርሲቲው የሚልክልሽ የመጀመሪያ ዓመት ወጪሽ ከየት እንደሚመጣ ስታሳዪ ነው። ሙሉ አሲስታንትሺፕ ካገኘሽ የዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ራሱ ማስረጃሽ ነው። የባንክ ደብተር የሚያበድር ሰው አትፈልጊ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አሲስታንትሺፕ ሲሰጡሽ መቀበል አለመቀበልሽን እስክትመልሺ እስከ ኤፕሪል 15 ጊዜ ይሰጡሻልና ቶሎ ወስኚ ብሎ የሚያጣድፍሽ ካለ ረጋ በዪ።

አሲስታንትሺፕ የሚሰጠው ዲፓርትመንቱ ነው። ጉዳይ አስፈጻሚው በዚያ ውስጥ እጁ የለበትም። ሲደውል አታንሺ።