ውሃው ከፈላ በኋላ ተጠንቀቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምትኖሪው። ከሰሞኑ ዝናብ ወዲህ ቧንቧው ቡናማ ውሃ ያመጣል፣ ይሸታልም። የ3 ዓመት ልጅና የ5 ወር ሕፃን አለሽ። «እያፈላሁ ነው፤ ይበቃል ወይ? የታሸገ ውሃ መግዛት አቅሜን ጨረሰው» ነው ያልሽው። ሮቶውን ምን እንደምታደርጊም ጠይቀሻል።

እኔም እዚሁ ድሬ ነኝ፣ ገንደ ቆሬ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ የፈረቃ ውሃ ነው። ማፍላትሽ ትክክል ነው፣ እንዳታቆሚ። ግን ብቻውን አይበቃም። እኔን ያስለቀሰኝ ከፈላ በኋላ የሆነው ነው።

ትልቁ ልጄ 3 ዓመቱ እያለ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ያዘው። ሁለቴ ተመርምሮ አሜባ ተባለ። መድኃኒቱን ይጨርሳል፣ ይሻለዋል፣ ሳምንት ሳይሞላው ይመለስበታል። እኔ ደግሞ በየማታው ከሰል አቀጣጥዬ በትልቅ ድስት ነው የማፈላው። አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤታችን መጣች። ስለ ማፍላት ምንም አልጠየቀችኝም። «እስቲ ውሃ አጠጪኝ» አለችኝ። የባልዲውን ክዳን ከፈትኩ፣ በጣሳ ጨለፍኩላት። አልጠጣችም። እጄን አየችው። ጣሳውን ይዤ ስጨልፍ አራቱ ጣቶቼ እስከ አንጓቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ደግሞ ልጄ ከእኔ ኋላ መጥቶ በራሱ ኩባያ እየቀዳ ነው። ከአፈር ጨዋታ የመጣ እጅ ነው።

ለካ ያንን ሁሉ ከሰል የማነደው ውሃውን አንድ ሰዓት ንጹሕ ለማድረግ ኖሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጠጥ ውሃ አይጨለፍም፣ ይቀዳል። የፈላውን ውሃ አፈ ጠባብ ጀሪካን ውስጥ ነው የማደርገው። አሁን ከታች ቧንቧ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ገዝቻለሁ፤ ልጆቹም ራሳቸው ከፍተው ይቀዳሉ። ባይኖርሽ ጀሪካን አዘንብሎ መቅዳት ይበቃል። ጀሪካኑን ግን በደንብ እጠቢው። ጣትሽን አፉ ውስጥ አስገብተሽ ግድግዳውን ዳብሺው። የሚያዳልጥ ነገር ካለው ምንም ዓይነት የፈላ ውሃ ብትጨምሪበት ዋጋ የለውም። እኔ ሳሙናና አንድ እፍኝ ሩዝ ከትንሽ ውሃ ጋር ጨምሬ አጥብቄ እንጠዋለሁ። አሸዋና ጠጠር ፕላስቲኩን ይጭረዋል፤ ጭረቱ ደግሞ የቆሻሻ መደበቂያ ይሆናል።

ስለ ማፍላቱ፦ ውሃው ከላይ እስከ ታች እየተገላበጠ ሲፈላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። 20 ደቂቃ እያፈላሽ ከሰል አትጨርሺ። ሐረር ላሉትም ያው ነው። ሐረማያና ከዚያ በላይ ከፍታ ያላችሁ 3 ደቂቃ አድርጉት። ሳይፈላ በፊት ግን ቡናማውን ውሃ አስቀምጪው፣ ጭቃው ይዝቀጥ። ከላይ ያለውን በአራት የታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልይው። ከዚያ አፍይው። በራሱ ድስት ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። በእኛ ሙቀት ለመቀዝቀዝ ጊዜ ስለሚወስድ ማታ አፍልቶ ማሳደር ነው የሚያዋጣው።

መብራት ጠፍቶ ከሰልም ሲወደድ ክሎሪን አለ። ፋርማሲ «ውሃ አጋር» ብለሽ ጠይቂ፣ ወይም የክሎሪን ክኒን። ክኒኑ ለተለያየ የውሃ መጠን ስለሚሠራ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቢ፤ የ20 ሊትሩን ለ5 ሊትር እንዳታደርጊው። ከጨመርሽ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን በደንብ አይሠራም፣ ጭቃው ይበላዋል። ስለዚህ እዚህም መጀመሪያ ማጥለል ነው። ክሎሪን የማይገድላቸው አንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያንም አሉ። ለ3 ዓመቱ ልጅ ከቻልሽ የፈላውን ስጪው።

በረኪናም ይሆናል፣ ግን ተጠንቀቂ። 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈበትና ሽቶ የሌለው ከሆነ ለ20 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ ነው። በሲሪንጅ ለኪው። በየመንገዱ በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠውን ግን ለመጠጥ ፈጽሞ አትንኪው። ጥንካሬው አይታወቅም።

ፀሐያችንንም አትርሺ። ንጹሕና ቀለም የሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የተጣለለ ውሃ ሞልተሽ ቆርቆሮ ላይ አስተኚው። ፀሐዩ ከጠና 6 ሰዓት ይበቃል፣ ደመና ከሆነ 2 ቀን። ከ2 ሊትር የሚበልጥ ጠርሙስ አይሆንም። እኔ ለትምህርት ቤት የሚይዙትን በዚህ መንገድ አዘጋጅቼ አውቃለሁ። ከዚያው ጠርሙስ ነው የሚጠጡት፣ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም።

ብዙ ሰው የሚረሳው በረዶ ነው። በዚህ ሙቀት ልጅ ሁሉ ወደ ጎረቤት ፍሪጅ ነው የሚሮጠው። ያ በፌስታል ታስሮ የሚሸጠው በረዶ ከምን ውሃ እንደተሠራ ጠይቂ። መቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም። ጁስ ቤቱም ያው ነው። ሰላጣና ቲማቲም የሚታጠብበት ውሃም ቢሆን የታከመ ይሁን። ባልሽ ወይም ወንድምሽ በርጫ ላይ ከሆነ ጫቱንም በታከመ ውሃ ይጠበው፤ ትኩስ እንዲመስል ውሃ ሲረጭበት ነው የሚውለው።

አሁን ወደ ሮቶሽ። ፈረቃ ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ግፊት አይኖርም። ቧንቧው የተሰነጠቀ ከሆነ በዙሪያው ያለው እርጥበት፣ የሽንት ቤት ጉድጓድም ቅርብ ከሆነ የእሱ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚገፋው ያንን ነው። ዝናብ ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያውን ወደ ሮቶ አታስገቢ። በባልዲ ቅጂና ለሽንት ቤትና ለወለል አድርጊው። ሲጠራ ብቻ የሮቶውን መግቢያ ክፈቺ። አሁን ውስጡ ያለው ሸትቶ ከሆነ አራግፈሽ አሳጥቢው፤ ዝቃጩ እዚያ ከተቀመጠ አዲሱንም ያበላሸዋል።

ክዳኑን ደግሞ አደራ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጌ፣ በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ የተባሉት በቢምቢ የሚተላለፉ በሽታዎች ያሳዩን ነገር አለ። ያኔ ያልተኛ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እኔ ራሴ ጉልበቴን ይዤ ነበር ከአልጋ የምነሳው። ቀን የምትነክሰዋ ቢምቢ የምትራባው እኛው በምናጠራቅመው ውሃ ነው። እንቁላሏን የዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ ውሃውን መድፋት ብቻ አያስለቅቀውም። በርሜሉን በሳምንት አንዴ ፈትጊው። የሮቶው ክዳን ከተሰነጠቀ በጨርቅ ሸፍነሽ በገመድ እሰሪው።

ማፍላት የማያስወግደውም አለ። ድስትሽና ማንቆርቆሪያሽ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ካልሲየም ነው። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር ስለሚወጣ እንደዚያ ነው፣ አያስፈራሽ። ናይትሬት የሚባለው ኬሚካል ግን ሌላ ነው። በከተማችን ጉድጓዶች፣ በሳቢያን አካባቢም ጭምር፣ በተደረጉ ጥናቶች ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዋናው ምንጩ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ስታፈይው አይጠፋም፣ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ይበዛል። የሚጎዳው በተለይ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።

ስለዚህ ለ5 ወሩ ልጅሽ ውሃ አትስጪው። የፈላም ቢሆን። «በዚህ ሙቀት ይጠማዋል» የሚሉሽ ይኖራሉ፣ አማቴም ብላኛለች። የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ አንቺ ራስሽ በደንብ ጠጪ። የቆርቆሮ ወተት የምትሰጪው ከሆነ ግን ለእሱ ብቻ የታሸገ ውሃ ግዢ። ገንዘብሽን ለዚያ አስቀምጪው፤ ለምግብ ማብሰያና ለትልልቆቹ የፈላው ይሆናል።

ተቅማጥ ከጀመረ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በአንድ ሊትር የታከመ ውሃ በጥብጠሽ በማንኪያ በማንኪያ ስጪ። የተረፈውን ከ24 ሰዓት በኋላ ድፊው። ለሕፃኑ ጡት አታቋርጪ። ጤና ጣቢያ ዚንክም ይሰጡሻል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ያዘዙልሽን ቀን ጨርሺ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካልሸና፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ካየሽ ወይም የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከወረደው እስኪነጋ አትጠብቂ። ባጃጅ ጥሪና ኦአርኤሱን እያጠጣሽው ሂዱ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ውሃው የናፍጣ ወይም የተባይ መድኃኒት ሽታ ካለው ማፍላትም ክሎሪንም አይረዳም፤ አትጠቀሙበት። የፍሳሽ ሽታ ከሆነ ደግሞ በአካባቢሽ የተሰበረ ቧንቧ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ውሃ በሌለበት ሰዓት ሰፈሩን ዙሪና ሁልጊዜ የሚረጥብ ቦታ ካለ እዪ። እኛ እንደዚያ አድርገን ነው ያገኘነው፣ ቱቦው ከጎረቤት ጉድጓድ አጠገብ ነበር የሚያልፈው። ብቻሽን አትሂጂ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ስንት ሰዓት ላይ ምን ዓይነት ውሃ እንደመጣ በየቀኑ ጽፋችሁ፣ በጠርሙስም ቀድታችሁ ለውሃና ፍሳሽ አሳዩ።

ሽታው የምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። የ3 ዓመቱስ ዛሬ እንዴት ዋለ?