ወደ «ዘ ፒት» የሚጓዝ ቡድን እንዴት ይዘጋጃል? ስለ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጥያቄና መልስ

አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን ከሜዳው ውጪ ለሚጠብቀው ወሳኝ የኮንፈረንስ (በየዓመቱ እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ጨዋታ እንዴት እንደሚዘጋጅ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ሐሳቡ እንዳይበታተን አብዛኛውን መልስ በአንድ ጉዳይ ላይ አሳርፋለሁ፤ እሱም የሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን በማውንቴን ዌስት ኮንፈረንስ ከኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለመጫወት ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ አልበከርኪ፣ «ዘ ፒት» ወደተባለው የኒው ሜክሲኮ አዳራሽ፣ የሚያደርገው ጉዞ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቡድኖቹ በዓመት ሠላሳ ያህል ጨዋታ ያደርጋሉ። ታዲያ ከሜዳ ውጪ የሚደረግ አንድ ጨዋታ ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው። የአንድ ኮንፈረንስ ጠንካራ ቡድኖች በሜዳቸው እምብዛም ስለማይሸነፉ፣ በመጨረሻ የደረጃ ሠንጠረዡን የሚለየው ከሰው ሜዳ ተነጥቆ የመጣ አንድ ወይም ሁለት ድል ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ግን ብዙ ተመልካች አያስተውለውም። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ከ2018–19 የውድድር ዘመን ጀምሮ የወንዶች ቡድኖችን የሚመዝነው «ኔት» በተባለ የደረጃ ስሌት ሲሆን፣ በማርች ለሚጀመረው የ68 ቡድኖች ውድድር ተሳታፊዎችን የሚመርጠው ኮሚቴ ውጤቶችን በአራት ምድብ ከፍሎ ያያል። በሜዳዎ ያገኙት ድል በአንደኛው ምድብ እንዲመዘገብልዎ ተጋጣሚዎ እስከ 30ኛ ባለው ደረጃ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከሜዳዎ ውጪ ከሆነ ግን እስከ 75ኛ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። ስለዚህ 60ኛ ደረጃ ላይ ያለን ቡድን በራስ ሜዳ ማሸነፍና ሜዳው ድረስ ሄዶ ማሸነፍ ክብደታቸው ለየቅል ነው። ማውንቴን ዌስት በገንዘብም በዝናም ከታላላቆቹ ኮንፈረንሶች ስለሚያንስ፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ እንዲህ ያለ ዕድል የሚገኝባቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው። አልበከርኪ ብዙ ጊዜ ከእነዚያ አንዷ ናት።

ጥያቄ፦ «ዘ ፒት» ስሙ ከብዙ አዳራሾች በላይ የሚነሣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አዳራሹ በ1966 ሲከፈት ጣሪያው አስቀድሞ ተሠርቶ መሬቱ ከሥሩ የተቆፈረለት በመሆኑ፣ የመጫወቻው ወለል ከመንገዱ ከፍታ 11 ሜትር ያህል ወደ ታች ይገኛል። ተጫዋቾች ወደ ሜዳው የሚወርዱት በረጅም ተዳፋት መተላለፊያ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ከ15,000 በላይ ተመልካች ይቀመጣል። በ1983 ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ሂውስተንን በመጨረሻዋ ሴኮንድ 54 ለ 52 ያሸነፈበት የፍጻሜ ጨዋታ የተካሄደው እዚሁ ነበር። ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2023 የተደረገው ጨዋታ ነው። በጃንዋሪ ሳን ዲዬጎ ድረስ መጥቶ ያሸነፈው ኒው ሜክሲኮ በዚያ ምሽት 71 ለ 70 እየመራ ሳለ፣ ላሞንት በትለር የጨዋታው ማብቂያ ሲደርስ ባስቆጠረው የሦስት ነጥብ ውርወራ ሳን ዲዬጎ ስቴት 73 ለ 71 አሸነፈ።

ጥያቄ፦ የዝግጅቱ ሳምንት ምን ይመስላል? በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ይሠለጥናሉ ወይስ የተገደበ ነው?

መልስ፦ የተገደበ ነው። በውድድር ዘመን የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ደንብ የሚፈቅደው በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን ደግሞ ቢበዛ 4 ሰዓት ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ማረፍ ግዴታ ነው። የጨዋታ ቀን ምንም ያህል ቢረዝም እንደ 3 ሰዓት ይቆጠራል፤ የጉዞ ሰዓት ግን ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ በሳምንቱ አጋማሽ አንድ ጨዋታ፣ ቅዳሜ ደግሞ ወሳኙን የሚጫወት ቡድን በመካከሉ ለእውነተኛ ሥልጠና የሚተርፈው ጊዜ ሁለት ቀን ቢሆን ነው።

ያንን ጊዜ በአግባቡ ለመጠቀም ምክትል አሠልጣኞቹ ተጋጣሚዎችን ይከፋፈላሉ። ኒው ሜክሲኮን እንዲያጠና የተመደበው ምክትል፣ ቡድኑ ሌላ ጨዋታ ላይ እያለ እንኳ፣ የኒው ሜክሲኮን የቅርብ ጨዋታዎች በቪዲዮ ተመልክቶ ከረጅሙ ፊልም አጫጭር ቁራጮችን ያወጣል። ቋሚ ያልሆኑት ተጫዋቾች ደግሞ የተጋጣሚውን እንቅስቃሴ አጥንተው በልምምድ ላይ እንደ ተጋጣሚ ሆነው ይጫወታሉ። በጋዜጣ የማይነሡት እነዚህ ልጆች የዝግጅቱ ግማሽ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ተጋጣሚውን በደንብ ካልመሰሉ ቋሚዎቹ የሚዘጋጁት ለሌላ ቡድን ነው።

በ2023 የነበረውን ሁኔታ እንውሰድ። የኒው ሜክሲኮ ጥቃት የሚመነጨው ከሁለት ፈጣን ተጫዋቾች፣ ከጀማል ማሽበርን ጁኒየርና ከጄለን ሐውስ ነበር። ሁለቱም የቀድሞ የኤን.ቢ.ኤ. ተጫዋቾች ልጆች ናቸው። እንዲህ ያሉ ኳስ ያዦችን ለሚገጥም አሠልጣኝ የሳምንቱ ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ የተጋጣሚው ረጅም ተጫዋች ስክሪን ሊሠራ (ቆሞ የኳስ ያዡን ተከላካይ መንገድ ሊዘጋ) ሲመጣ የእኛ ረጅም ተጫዋች ወጥቶ ኳስ ያዡን ይግጠም፣ ወደ ቅርጫቱ ያፈግፍግ ወይስ ተከላካዮቹ ሰው ይቀያየሩ? የሚያዋጣው አንዱን መርጦ፣ አንድ አማራጭ አክሎ፣ ሌላውን መተው ነው። ሦስቱንም በሁለት ቀን ለማስተማር የሞከረ አሠልጣኝ ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ያገኛቸዋል። በእኔ እምነት ከሜዳ ውጪ ለሚደረግ ጨዋታ ጥሩ ዝግጅት ማለት በዋናነት የመቀነስ ሥራ ነው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይበራሉ። ማታ በሆቴሉ የስብሰባ አዳራሽ ምንጣፉ ላይ በፕላስተር የሜዳ መስመር ተሠምሮ፣ ያለ ሩጫ፣ እየተራመዱ አቋቋማቸውን ይከልሳሉ። በጨዋታው ቀን ደግሞ በራሱ በአዳራሹ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ኳስ እየወረወሩ ከቅርጫቱና ከብርሃኑ ጋር ይለማመዳሉ።

ጥያቄ (ዴንቨር ከሚኖሩ አንባቢ)፦ እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ አሁንም የምኖረው በከፍታ ቦታ ነው። ተንታኞች ስለ ከፍታው ሲያወሩ ማጋነን ይመስለኛል። በእርግጥ ለውጥ ያመጣል? እኛ ደገኞች ብንጫወትስ እንጠቀም ነበር?

መልስ፦ ለውጡ እንደ ከተማው ይለያያል። ሳን ዲዬጎ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። ዘ ፒት የሚገኘው 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ከባሕር ዳር ከተማ እንኳ ያነሰ ከፍታ ነው። በዚያው ኮንፈረንስ የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት ላራሚ ግን 2,200 ሜትር ላይ ስለሆነች ለአዲስ አበባ ትቀርባለች። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢሆን 21 በመቶ ያህል ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ በአልበከርኪ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አንድ ስድስተኛ ያህል፣ በላራሚ ደግሞ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ሮጦ መዝለል አይከብድም፤ የሚከብደው ከሦስተኛውና ከአራተኛው ተከታታይ ሩጫ በኋላ ትንፋሽን መልሶ መሰብሰብ ነው። ስለዚህ አልበከርኪን በተመለከተ በማጋነኑ እስማማለሁ፤ በላራሚ ግን አልስማማም።

ሰውነት ከፍታን በሚገባ ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ተማሪዎችን ለሳምንታት ከትምህርት ገበታ ማራቅ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለሆነም አሠልጣኙ የሚቀሩት መፍትሔዎች ቀላል ናቸው፦ በዋዜማው መድረስ፣ ውኃ በብዛት ማጠጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጫዋቾችን ቶሎ ቶሎ ማፈራረቅ ነው። በእያንዳንዱ አጋማሽ 16፣ 12፣ 8 እና 4 ደቂቃ ሲቀር ቀጥሎ ጨዋታው በሚቆምበት ጊዜ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ረጅም እረፍት ይሰጣል። ብልህ አሠልጣኝ የደከመውን ተጫዋች ከእረፍቱ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ አስወጥቶ፣ በአንድ ደቂቃ የጨዋታ ጊዜ የብዙ ደቂቃ እፎይታ ይገዛለታል። የ2023ቱ ሳን ዲዬጎ ስቴት ዘጠኝ ያህል ተጫዋቾችን ያፈራርቅ ስለነበር ለዚህ የተመቸ ነበር።

ስለ እኛ ደገኞች ላነሡት ጥያቄ አንድ ነገር ልጨምር። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ሲል፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ከ3,500 ሜትር በላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት መጠኑ በባሕር ወለል ከሚኖሩት እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። ሰውነታችን ከፍታን የሚቋቋምበት መንገድ የተለየ ነው ማለት ነው። ለቅርጫት ኳስ ግን መጀመሪያ ቁመት ያስፈልጋል፤ በዚህ በኩል ላራሚም አትረዳንም።

ጥያቄ፦ ጩኸቱን እንዴት ይለማመዱታል?

መልስ፦ በልምምድ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ከፍተው የደጋፊ ጩኸት እያሰሙ ይሠለጥናሉ፤ የጨዋታ ትእዛዞችንም በቃል ብቻ ሳይሆን በእጅ ምልክት እንዲተላለፉ ያደርጋሉ። ሆኖም ጩኸቱ ዋና ጉዳት የሚያደርሰው በማጥቃት ላይ ነው የሚለውን አልቀበልም። በማጥቃት ጊዜ ኳስ ያዡ ምልክት ያሳያል፣ ሌሎቹም ያዩታል። በመከላከል ጊዜ ግን ከኋላዎ የሚመጣውን ስክሪን ሊያዩት አይችሉም፤ የሚያድንዎት የጓደኛዎ ድምፅ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ደንብ ይጨመራል። እያንዳንዱ ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ የሚያጠቃው ከራሱ ወንበር የራቀውን ቅርጫት ነው፤ በሁለተኛው አጋማሽ ይቀያየራሉ። ይህም ማለት በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች እንግዳው ቡድን የሚከላከለው ከአሠልጣኙ ርቆ፣ በሜዳው ሌላ ጫፍ፣ ጩኸቱ በጦፈበት ሰዓት ነው። በልምምድ ላይ አንዳንድ አሠልጣኞች ሆን ብለው ዝም የሚሉት፣ ተጫዋቾቹ ያለ እነሱ ድምፅ መከላከልን እንዲለምዱ ነው።

ጥያቄ፦ ዳኞች ለባለሜዳው ያደላሉ? በነጻ ውርወራ ጊዜ ተማሪዎች ከቅርጫቱ ጀርባ የሚያሳዩት ትርኢትስ ይሠራል?

መልስ፦ የሜዳ ጥቅም በኮሌጅ ጨዋታ 3 ነጥብ ገደማ እንደሆነ በተለምዶ ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ የተወሰነው በደጋፊ ጫና ከሚነፉ ፊሽካዎች እንደሚመጣ ብዙዎች ያምናሉ፣ እኔም አምናለሁ። ዳኛው ሆን ብሎ ያደላል ማለቴ ሳይሆን፣ አጠራጣሪ ንክኪ ላይ የአሥራ አምስት ሺህ ሰው ጩኸት ሚዛኑን ትንሽ ይገፋዋል ማለቴ ነው። ዝግጅቱ እንግዲህ ለዳኛው አጠራጣሪ ነገር አለመስጠት ነው፤ በአንድ አጋማሽ ሰባተኛው የቡድን ጥፋት ሲመዘገብ ተጋጣሚ ወደ ነጻ ውርወራ መስመር መሄድ ይጀምራልና። ትርኢቱን በተመለከተ፣ የአሪዞና ስቴት ተማሪዎች ከ2013 ጀምሮ መጋረጃ እየከፈቱ ባሳዩት ትዕይንት ታውቀዋል። ያዝናናል፤ ነገር ግን በሰባ በመቶ የሚያስቆጥርን ልጅ በአንድ ምሽት አያበላሸውም።

ጥያቄ፦ ትምህርታቸውስ?

መልስ፦ የአካዳሚክ አማካሪ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጓዛል፤ በሆቴል የጥናት ሰዓት ይያዛል፤ የቀሩበት ፈተና ካለ ከመምህሩ ጋር አስቀድሞ ይነጋገራሉ። የቅዳሜ ጨዋታ የሚያስቀረው የዓርብን ትምህርት ብቻ ስለሆነ ከሳምንቱ አጋማሽ ጉዞ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሴቶቹ ቡድን ዝግጅት ይለያል?

መልስ፦ መሠረቱ አንድ ነው። ነገር ግን ወንዶች ሁለት የ20 ደቂቃ አጋማሽ ሲጫወቱ ሴቶች አራት የ10 ደቂቃ ሩብ ስለሚጫወቱ፣ የቡድን ጥፋት ቆጠራው በየሩቡ እንደገና ይጀምራል፤ እረፍትና ቅያሪ የሚታቀደውም በተለየ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ተጫዋቾች በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ እየቀያየሩ ተጋጣሚን ማጥናት ትርጉም አለው?

መልስ፦ ሥራው ከበደ እንጂ ትርጉሙ አልጠፋም። በትለር ራሱ በ2024 ወደ ኬንተኪ ሄዷል። ዛሬ ምክትል አሠልጣኙ የአዲሱን ተጫዋች ልማድ ለማወቅ ባለፈው ዓመት ለሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተውን ቪዲዮ ይፈልጋል፤ በጃንዋሪ የተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያም ከድሮው የበለጠ ዋጋ አግኝቷል። የሳን ዲዬጎ ስቴትና የኒው ሜክሲኮ ፉክክር ግን ሌላ ፈተና ገጥሞታል፤ ሳን ዲዬጎ ስቴት በ2026 ክረምት ወደ ፓክ-12 ኮንፈረንስ እንደሚዛወር በ2024 አስታውቋል። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ መገናኘታቸው በኮንፈረንሱ መርሐ ግብር የተረጋገጠበት ዘመን በዚያው ያበቃል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች አሠልጣኙ ጨዋታ አስቁሞ መምከር የለበትም?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ከአልበከርኪው ድል አምስት ሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2023 በሂውስተን በተደረገው የብሔራዊ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሳን ዲዬጎ ስቴት በፍሎሪዳ አትላንቲክ በአንድ ነጥብ እየተመራ የተሳተችውን ኳስ አገኘ። አሠልጣኝ ብራያን ደቸር ጨዋታ የማስቆም መብት እያላቸው አላስቆሙም። ጨዋታ ቢቆም ኖሮ ተጋጣሚውም መከላከያውን ያደራጅ ነበር። በትለር ኳሷን ይዞ ወደ ፊት ሄደ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ አስቆጠረ፣ 72 ለ 71 ሆነ። ቡድኑ በፍጻሜው በኮኔቲከት 76 ለ 59 ተሸንፏል። ይሁን እንጂ ተጫዋቾቹ ያለ ትእዛዝ መወሰንን የለመዱት የአሠልጣኝ ድምፅ በማይሰማባቸው እንደ ዘ ፒት ባሉ አዳራሾች ነው ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ጨዋታ በቴሌቪዥን ስመለከት እንግዳው ቡድን በደንብ መዘጋጀቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ውጤቱን ለጊዜው ይተዉትና የጠፉ ኳሶችን ይቁጠሩ። የውርወራ ስኬት በአንድ ምሽት ሊመጣም ሊጠፋም ይችላል፤ ባለሜዳውን በፈጣን መልሶ ማጥቃት የሚያስነሣው፣ ደጋፊውንም ከወንበሩ የሚያስፈነጥረው ግን የተነጠቀ ኳስ ነው። ከዚያም በሁለተኛው አጋማሽ የመጀመሪያ ደቂቃዎች፣ ከወንበራቸው ርቀው ሲከላከሉ፣ አምስቱ ተጫዋቾች አፋቸው መንቀሳቀሱንና በእጃቸው እየጠቆሙ መሆናቸውን ይመልከቱ። ስክሪን በመጣ ቁጥር ሁለት ሰው አንድን ኳስ ያዥ ተከትሎ ሌላው ባዶ ከቀረ፣ ልዩነቱ ገና ሁለት ነጥብ ቢሆንም እንኳ ምሽቱ ለእንግዳው ይረዝማል።