የድመት መጠለያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ለምታስቡ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የተጣሉ ድመቶችን የሚያስጠጋ ግቢ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ አገለግላለሁ። ጠያቂው ስለበዛ እዚሁ ልመልስ።

ሥራው ድመት እየዳበሱ መዋል ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መዳበሱ መጨረሻ ላይ ነው እህቴ። መጀመሪያ የሚጸዳዱበት አሸዋ ይጠረጋል፣ ሳህን ይታጠባል፣ ማን እንደበላ ማን እንዳልበላ ይጻፋል። መጻፉን አትናቂው፤ ድመት ሁለት ሦስት ቀን እህል ካልቀመሰች፣ በተለይ ወፈር ያለች ከሆነች፣ ጉበቷ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

የፈራች ድመት እንዴት ትለምዳለች?

አብዛኛው ሰው ገና ሲገባ እጁን ይዘረጋል። ተዉት። ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ፣ ጎናችሁን ስጧት፣ አታፍጥጡባት። ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ ቀስ ብላችሁ ጨፍናችሁ ግለጡ፤ እሷም እንዲሁ ከመለሰች መልካም ምልክት ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ በጭራዋ መሬቱን ከመታች ግን «በቃህ» እያለች ነው፣ ተነስታችሁ ውጡ። አንዲት ግራጫ ድመት ካርቶን ውስጥ ተወሽቃ አልወጣም ብላ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ጋዜጣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነብላት ሰነበትኩ፤ አንድ ቀን አንገቷን አስግጋ የጫማዬን ክር አሸተተችና ተመልሳ ገባች። እኔ ያን ቀን ደስታዬን አልቻልኩትም።

በጾም ሽሮ ብንሰጣትስ? (ከፍኖተ ሰላም)

እባካችሁ አትስጧት። ሽሮው ውስጥ ያለው ቀይም ነጭም ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ካላገኘች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። እኛ ከጣና አሣ አጥማጆች የሚተርፈውን የቆሮሶ ራስ ቀቅለን፣ እሾሁን ለቅመን ከሌላ ሥጋ ጋር እናፈራርቅላቸዋለን።

ብትነክሰኝስ? የእብድ ውሻ በሽታ ያስፈራኛል።

መፍራትህ ልክ ነው ወንድሜ፣ ድመትም ታስተላልፋለች። ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠበው፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። «ነገ አየዋለሁ» ብሎ ማደር የለም። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ልምጣ?

ነይ፣ ምግቡን አንቺ ስጪ፣ አሸዋውን ለሌላ ተይው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከሰገራው ጋር ይወጣል። ወደ ሰው ለመተላለፍ ግን ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል፤ በየቀኑ የምንጠርገውም ለዚሁ ነው።

ዳንግላ መጠለያ የለንም፣ ምን ላግዝ?

ከጎረቤት ጀምር። ጎተራ አጠገብ የአይጥ መርዝ የሚያደርግ ካለ ንገረው፤ የተመረዘች አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። ሴቷ ከ4 ወሯ ጀምራ ልታረግዝ ስለምትችል፣ ማምከን ይሠሩ እንደሆነ የእንስሳት ክሊኒኩን ጠይቅ። ልጆቿን ለሰው ስትሰጥም 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አትለያቸው።