ከዲቢኤስ በኋላ እንቅልፍ ስለ ማጣትና ስለ በዛ ደስታ

እህቴ፣ ለዓመታት በኦሲዲ (የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት እንዲደጋግሙ በሚያስገድድ የአእምሮ ሕመም) ለተሠቃየው ወንድምዎ ዲቢኤስ በሚባለው ሕክምና አንጎሉ ውስጥ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ቀጭን ሽቦ፣ እንደተተከለለትና መሣሪያው ከበራ 2 ወር እንደሆነው ጽፈዋል። አሁን በሌሊት 3 ሰዓት ብቻ እየተኛ ያለ ማቋረጥ እንደሚያወራና ገንዘብ እንደሚበትን ገልጸው፣ «ይህ መዳን ነው ወይስ ሌላ በሽታ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከ6 ዓመት በፊት እዚሁ አሜሪካ ይኸው ቀዶ ሕክምና የተደረገልኝ ሰው ነኝ። ሆኖም የጻፉት ነገር እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚቆይ ስላልሆነ፣ መሣሪያውን ለሚያስተካክለው የአእምሮ ሐኪም ዛሬውኑ ይደውሉ።

የእኔ ኦሲዲ በጸሎት ላይ የመጣ ነበር። «አባታችን ሆይ»ን ስደግም አንድ ቃል የሳትኩ እየመሰለኝ እንደገና ከመነሻው ስጀምር ሌሊቱ ይነጋ ነበር። ኤሌክትሮዱ የገባልኝ ኒውክሊየስ አኩምበንስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል አጠገብ ሲሆን፣ ይህ ስፍራ ከደስታና ከፍላጎት ጋር የተያያዘ በመሆኑ የኤሌክትሪኩ ኃይል ከፍ ሲል አስቀድሞ የሚለወጠው ስሜት ነው፤ አስገዳጁ ድርጊት እስኪላላ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት የሚታየው ከልክ ያለፈ ደስታ ኦሲዲው ለመልቀቁ ማስረጃ አይሆንም። ሐኪሞች ሃይፖማኒያ ይሉታል።

በእኔ ላይ የመጣው ኃይሉ ከፍ በተደረገ በአራተኛው ቀን ነው። ደመወዜ የማይችለውን ዕቁብ ገባሁ፤ አዲስ አበባ ላሉ የአክስቴ ልጆች ሌሊት መሆኑን እንኳ ሳላስብ እየደወልኩ ሠርጋችሁን እኔ እደግሳለሁ እል ነበር። ባለቤቴ ስትመክረኝ መዳኔን ያልወደደች መስሎኝ ተቀየምኳት። የዚህ የጎንዮሽ ጉዳት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ራስ ምታት ወይም የቁስል ሕመም ቢሆን ታማሚው ራሱ ይናገራል፣ ይህን ግን እንደ ጤና ስለሚቆጥረው ሐኪሙ ሲጠይቀው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዲህ ሆኜ አላውቅም» ብሎ ይመለሳል።

እኔን ያወጣኝ የባለቤቴ ደብተር ነው። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ምን ያህል እንዳወጣሁ፣ ጸሎቱ ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝና መሣሪያው የተስተካከለው መቼ እንደሆነ ጽፋ ነበርና፣ ሐኪሙ ገጹን እንዳየ እንቅልፌ የጠፋው ኃይሉ ከጨመረ በኋላ መሆኑን ተረዳ። ኃይሉን ዝቅ አድርጎ፣ ኤሌክትሪኩ ከታችኛው የኤሌክትሮዱ ነጥብ ይልቅ ከፍ ብሎ ካለው እንዲወጣ አደረገ፤ በጥቂት ቀናትም እንቅልፌ ተመለሰ። ያ ደስታ ሲለየኝ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አለቀስኩ። ወንድምዎም እንዲሁ ሊያዝን ስለሚችል አስቀድመው ይንገሩት።

በቤት ያለውን መቆጣጠሪያ ወስደው በራስዎ እንዳያጠፉት ግን አደራ እላለሁ፤ በድንገት ሲቋረጥ ከባድ ድባቴ፣ አልፎ አልፎም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ለኦሲዲ የሚያስፈልገው ኃይል ብዙ ጊዜ፣ በዚሁ ሕክምና ከሚታከመው ከሚያንቀጠቅጠው በሽታ፣ ለፓርኪንሰን ከሚያስፈልገው ስለሚበልጥ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ቻርጅ የማይደረገው የእኔ የመጀመሪያ ባትሪ በ14 ወሩ ሲያልቅ፣ በ3 ቀን ውስጥ ዓለም ጨለመብኝ። ወደ ክሊኒኩ ብደውል የሥራ ጭንቀት ይሆናል ተብዬ ሁለት ሳምንት ጠብቅ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ስሜቴ ባልታወቀ ምክንያት ሲወርድ፣ ሌላውን ሁሉ ትቼ በመጀመሪያ የማየው ባትሪውን ነው። መድኃኒቱንም ቢሆን ያለ ሐኪሙ ቃል መጨመርም ማቋረጥም አይገባም።

የቀረው ቀላል ነው። ባትሪው በተቀበረበት ደረት ላይ ያለው ቁስል ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ፈሳሽ ካወጣ በዚያው ቀን ይታይ፤ ኢንፌክሽኑ ከጸና መሣሪያው ሊወጣ ይችላል። እናቴ ጠበል ካልተጠመቅህ ብላ ስትወተውተኝ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አስታግሻታለሁ። ኤምአርአይ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙ ይጠየቅ፤ ፊዚዮቴራፒስቶች ዲያተርሚ የሚሉት የሙቀት ሕክምና ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ይህ ሕክምና በአሜሪካ ለኦሲዲ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 በልዩ ፈቃድ ሲሆን፣ የሚያውቁት ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። ወንድምዎን ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ግድ ቢሆን፣ የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድና የሐኪሙን ስልክ ይዘው ይሂዱ። እስከዚያው የባንክ ካርዱን የሚያምነው ሰው ቢይዝለት መልካም ነው፤ የእኔን ዕጣ በሩብ እንዲያደርግልኝ የዕቁቡን ዳኛ ደጅ የጠናችው ያችው የተቀየምኳት ባለቤቴ ነበረች።